ውጤቱን ከማልያው ላይ የሚያነቡት አያ ታከለ

ዳዊት የደወለልኝ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ወረፋ ይዤ ነበር፤ በአንድ እጄ ሽንኩርት፣ በሌላው ስልክ። «ስማቸው፣ አባቴ ሞተ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ጸሐይ ሳትጠልቅ ነው።» ሌላ ምንም አልጨመረም፤ እንዴት ነህ እንኳ አላለኝም። ሽንኩርቱን ከነፌስታሉ አንድ መደርደሪያ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሁለት ሦስት ሰዎች፣ ሽማግሌም ጨምረው፣ ማልደው ይሄዳሉ። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሱበታል። ይቀመጣሉ፣ እህል መቅመሱን ይጠይቃሉ፣ በባዶ ሆዱ አይነግሩትም። ከዚያ ቀስ አድርገው መርዶውን ያወጡታል። ዳዊት እዚህ አሽዶድ ያደገ ልጅ ስለሆነ ወጉ አልገባውም ብዬ፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ብቻዬን አጉረመረምኩ። የአያ ታከለን የሚያህል ሰው ሞት ሽንኩርት ስገዛ ይነገረኛል?

አያ ታከለን የማያውቅ ሰው ንዴቴ ላይገባው ይችላል። እኔና እሳቸው በአንድ የእግር ኳስ ክለብ ውስጥ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ሣሩን አጭዳለሁ፣ ውኃ አጠጣለሁ፣ መስመሩን በኖራ አሰምራለሁ። እሳቸው የእቃ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ በዚህ አገር ቋንቋ፣ በዕብራይስጥ፣ መሕሳናይ ይባላል። የተጫዋቾቹን ልብስ ያጥባሉ፣ ይጠግናሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይሰቅላሉ። ክለቡ ትንሽ ነው፤ የከተማው ሰው ስለ ኳስ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ሌላው ክለብ ነው። ቢሆንም ተጫዋቾቹ ደሞዝተኞች ናቸው፣ መንካል የሚሉት ሥራ አስኪያጅ አለው፣ በየዓመቱም «ዘንድሮ እንወጣለን» የሚል ፕሬዚዳንት አለው።

አያ ታከለ በተወለዱበት በጎንደር ገጠር ሸማኔ ነበሩ። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በተደረገው የአውሮፕላን ጉዞ ከእኛ ጋር ሲመጡ ከመወርወሪያቸው ሌላ ያዘሉት ነገር አልነበረም። እዚህ እንደደረሱ ፋብሪካ ገብተው ካርቶን ሲያጥፉ ኖሩ። ያን ዘመን ብዙ አያነሱትም ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ «እጄ የሚያውቀውን ነገር ሳይነካ ሰባት ዓመት ቆየ» አሉኝ። እቃ ቤቱን ሲያገኙ ግን ያ እጅ ከእንቅልፉ ነቃ። የተጫዋቾቹን ማልያ በሁለት ጣታቸው እያሹ «ይኼ ጨርቅ አይደለም፣ ላስቲክ ነው፤ ድርም የለው፣ ማግም የለው» እያሉ ያንቋሽሹታል። ሲቀደድ ግን ስፌቱ የት እንደነበረ እስኪጠፋ ድረስ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ አያ ታከለ በስድስት ዓመት ውስጥ ቡድኑ ሲጫወት አንድ ቀን አይተው አያውቁም። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሻባት ነው፣ ሰንበታችን። የቀጠሯቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይህን ተስማምተው ነው። ዓርብ ጸሐይዋ ማዘቅዘቅ ሳትጀምር ማልያዎቹን በየቁጥራቸው ይሰቅላሉ፤ ቁጥሩ ወደ በሩ ዞሮ፣ ከሥሩ ቁምጣው በሦስት ታጥፎ፣ ካልሲው ከላይ። ሁሉን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ቁልፉን ለእኔ ይሰጡኝና «ሻባት ሻሎም» ብለው በእግራቸው ወደ ሰፈራቸው ወደ ሮቫ ዛይን ይሄዳሉ። እኔ ቅዳሜ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የምቀልባቸው ልጆች ነበሩብኝ። እሳቸው ግን ስለዚህ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

እሑድ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። እኔ ገና አፌን ስከፍት እጃቸውን ያነሳሉ። «ተው፣ አትንገረኝ።» ከዚያ የቆሸሸው ልብስ የተከመረበትን ጋሪ ወደ መስኮቱ ያስጠጉና ማልያዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ያዩዋቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያዩ፣ ደብዳቤ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት።

«ቁጥር አራት ፊቱ ጭቃ ነው፤ ራሱን ወርውሯል፣ ጎበዝ። ይኼ ደግሞ ጀርባው ነው የቆሸሸ፤ ሲጥሉት ነው የዋሉት። ዘጠኝን እየው፤ ንጹሕ! ይኼ ሰውዬ ቆሞ ሲመለከት ውሎ፣ ደሞዝ ይከፈለዋል።» ከዚያ የአንገቱን ዙሪያ ይጎትቱታል። ሲያሸንፉ አንገቱ ይለጠጣል፤ ይተቃቀፋሉና። ሲሸነፉ ማልያው ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ በንዴት ከላያቸው ላይ ገሽልጠው ስለሚጥሉት። «ተሸንፈናል» ይላሉ መጨረሻ ላይ። «በአንድ አይደለም፤ በሁለት ሳይሆን አይቀርም።» ስተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

ያ ክፉ ዓመት ሲጀመር ማልያዎቹ ሁሉ ተገልብጠው መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። ከመስከረሙ በዓላት በኋላ አሰልጣኙ ተባረረ፤ አዲስ መጣ። አዲሱ ሣሩ አጠረ ብሎ ወቀሰኝ። ክረምት ሳይጋመስ እሱም ሄደ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሣሩ ረዘመ አለኝ። እኔም እንደ ታዘዝኩት አጨድኩ፣ እንደ ታዘዝኩት ተውኩ። ተጫዋቾቹ ከልምምድ ሲወጡ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ፕሬዚዳንቱ ሜዳ መምጣት ተወ። በዚያ ላይ ከባሕሩ የሚመጣው ዝናብ ሜዳውን ረግረግ አደረገው። በየሳምንቱ መሸነፍ እንዴት እንደሚያደክም ያየሁት ያን ዓመት ነው፤ እኔ ኳሷን ሳልነካት ወገቤን ያመኝ ነበር።

መሃል ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አሸነፍን። ያን ጊዜ ረጅሙ በረኛችን ዕድሉ እንዳይለወጥ ብሎ ማልያውን ሳያሳጥብ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደበቀው። አያ ታከለ ሽታው መርቷቸው አገኙት። አጠቡት፣ አደረቁት፣ የላላ ክር አስረው ቦታው ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጨዋታ አላሸነፍንም።

በረኛው አንድ ቀን እቃ ቤት መጥቶ በሩን ሞልቶ ቆመ። ዕብራይስጥ አንቱ የለውምና «ታከለ፣ ዕድሌን አጠብክብኝ» አላቸው፣ በእውነት ተቆጥቶ። እኔ አስተረጎምኩ።

«በለው፣ ዕድልህን አላጠብኩም፣ ብብትህን ነው ያጠብኩት።»

ስተረጉምለት ሳቁን መያዝ አቃተው። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ራሳቸውን ሳማቸው። ሌሎቹ ግን አልሳቁም፤ «የሽማግሌው ሳሙና» የሚል ወሬ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲዞር ከረመ። ቡድን ሲወድቅ ጥፋተኛ ይፈለጋል፤ ሣሩ፣ ዳኛው፣ ሳሙናው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መንካሉ ቢሮው አስጠራቸው። ዕብራይስጣቸው ለገበያና ለኩፓት ሆሊም፣ ለጤና ጣቢያው ማለቴ ነው፣ ያህል ስለነበር እኔም አብሬ ገባሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እሱም ደክሞታል። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ንገረው» አለኝ። «ወደ ታችኛው ሊግ ከወረድን እቃ ቤቱ ይዘጋል። የልብሱ አጠባ ለውጭ ድርጅት ይሰጣል። ግን አሰልጣኙ በጨዋታ ቀን የእቃ ቤት ሰው አጠገቤ ይኑር ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ሻባት ሻባት ከመጣ፣ ብንወርድም እሱን እዚሁ አስቀረዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ተረጎምኩላቸው፤ ትንሽም አለሳልሼው ይሆናል። አያ ታከለ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እንዲህ በለው። በአገሬ የገበያው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሸማዬን የሚገዛኝ ሰው ሁሉ የሚገኘው ቅዳሜ ነው። አባቴ ቅዳሜ ሳይሸጥ ሞተ። እኔም ቅዳሜ ሳልሸጥ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በግማሽ ዋጋ እየሰጠሁ ልጅ አሳደግሁ። አሁን የሙሴ ሕግ አገር ገብቼ ነው ቅዳሜ ካልሲ የማድለው?»

መንካሉ ይህን ሲሰማ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመስኮቱ ማዶ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። «እንግዲያው አለመውረድ ነው» አለ በመጨረሻ። ወጣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ታከለ ተለወጡ። ሥራቸው ያው ነው፤ ግን ዓርብ ማልያዎቹን ሲዳስሱ እጃቸው ከያንዳንዱ ላይ ይቆያል። «እየጸለዩ ነው?» ብዬ አሾፍኩባቸው። «ሻባት ስለ ኳስ መጸለይ ነውር ነው። ዓርብ ግን ማን ከለከለ?» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ሳልጠይቃቸው «ስማቸው፣ ከዚህ ካስወጡኝ ወዴት እሄዳለሁ? ካርቶን ለማጠፍ አርጅቻለሁ፤ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ለመዋል ደግሞ ገና ነኝ» አሉ። በዚያው ሰሞን ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ እቃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው አግኝቻቸዋለሁ፤ ሐኪሙም መደንገጥ የለባቸውም ብሎ ነበር።

በዚያ ላይ የልጃቸው ነገር አለ። ዳዊት ወታደር ነበር፤ ጓደኞቹ ዱዲ ነው የሚሉት። ያ ዘመን ዜናው ሁሉ ክፉ የነበረበት ዘመን ነው፤ እሱም ከኬላ ኬላ ይዘዋወራል። ዓርብ ዓርብ ሻባት ከመግባቱ በፊት ደውሎ «አባ፣ ደህና ነኝ» ይላቸዋል። ስለ እሱ ብዙ አያወሩም፤ እቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ግን የማጠቢያ ማሽኑን ያጠፉ ነበር፣ ድምፁ እንዳያመልጣቸው።

የመጨረሻው ጨዋታ በገዛ ሜዳችን ነበር። እኩል ብንወጣ እንኳ እንተርፋለን። አልወጣንም፤ ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ደጋፊው ወንበር እየነቀለ ወረወረ፣ ረጅሙ በረኛ ጎሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል የሣር ውኃ ቧንቧውን እንዳይሰብሩብኝ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። መንካሉ በመተላለፊያው አገኘኝ። ድምፁ ጠፍቷል።

«ለሽማግሌው ንገርልኝ። ነገ መምጣት የለበትም። ቁልፉ ይቀየራል። እኔ ልነግረው አልችልም» አለኝና ሄደ።

ያን ምሽት ሻባት እስኪወጣ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አያ ታከለ እሑድ ጎህ ሲቀድ በእግራቸው መጥተው ቁልፉ በተቀየረ በር ላይ ቆመው ታዩኝ። ደም ግፊታቸው ትዝ አለኝ። ድንገት አይሰሙም፣ በወጉ ይነገራቸዋል ብዬ ወሰንኩ። ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር አባቶቻችን አስተምረውናል፤ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ራሴን በጣም ብልህ አድርጌ አየሁት።

ከእሳቸው ጋር በአንድ ጸሎት ቤት የሚጸልዩትን አባ ይርጋን ለመንኩ። የስታዲየማችንን ደረጃ የምታጥበውን ማሚትንም ጠራሁ። አባ ይርጋ «ለኳስ ነው እኔን የምታስነሳኝ?» ብለው ተቆጡ። «ለኳስ አይደለም፣ አባ፤ ሰውየው ከሥራው መፈናቀሉ ነው። ልቡ ደካማ ነው» አልኳቸው። እሺ አሉ። ነጭ ኩታቸውን አጣፉ፤ ማሚትም ነጠላዋን ለበሰች። ሲነጋ ሦስታችን በሮቫ ዛይን ደረጃውን ወጣን።

እኔ ያን ጊዜ ልጄ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የወታደር ወላጅ ከደረጃው የሚመጣ ኮቴን እንዴት እንደሚያዳምጥ አላውቅም ነበር። በዚህ አገር የወታደር ሞት የሚነገረው መኮንኖች ሁለት ሦስት ሆነው በር ሲያንኳኩ ነው። በእኛም ወግ፣ በእነሱም ወግ፣ ማልደው የሚመጡ ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ይህን የማያውቅ የአገራችን ሰው ያን ጊዜ አልነበረም፤ እኔ ግን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ቁልፉ ብቻ ነው።

አንኳኳሁ። የከፈቱት ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። እኔን አዩ፣ አባ ይርጋን አዩ፣ የማሚትን ነጠላ አዩ፤ ወደ ኋላ እየተራመዱ ከግድግዳው ተጣበቁ። አያ ታከለ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። ቀና አሉ። ክሩ እጃቸው ላይ ቀረ።

ገብተን ተቀመጥን። እኔም ወጉን ልጠብቅ ብዬ፣ አቤት ሞኝነቴ፣ «አያ ታከለ፣ እህል ቀምሰዋል?» አልኳቸው።

ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ እኔን ሳይሆን አባ ይርጋን እያዩ፣ «የት ላይ ነው?» አሉ። «ልጄን የት ላይ ነው ያገኙት?»

እትዬ ብርቄ ጮኹ። «ዓርብ አልደወለም ብዬህ ነበር! ትናንት ማታም አያነሳም ብዬህ ነበር!» ደረታቸውን እየመቱ ወደቁ። ማሚት ልትይዛቸው ተነሳች፣ ራሷም ማልቀስ ጀመረች። አባ ይርጋ አፋቸው ተከፍቶ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ጮህኩ።

«ኧረ እሱ አይደለም! ቡድኑ ነው! ቡድኑ ወረደ!»

አያ ታከለ ቃሉን እንዳልሰሙት ሁሉ ከንፈሬን አዩ።

«ቡድኑ?»

«አዎ፣ አያ ታከለ። ትናንት ተሸነፍን። ወረድን።»

«ዳዊትስ?»

ደህና ነው ልላቸው ፈለግሁ። ግን ምን አውቄ? እሳቸውም ይህን ከፊቴ ላይ አነበቡት። ተነስተው ስልኩን ያዙ። ጣታቸው ቁጥሩን ይስት ነበር፤ እንደገና ጀመሩ። ጠራ። ጠራ። እትዬ ብርቄ ከወለሉ ሳይነሱ ጉልበታቸውን ይዘውላቸዋል። ከዚያ ከማዶ፣ ሁላችንም የሰማነው የተኛ ሰው ድምፅ መጣ።

«አባ? ምነው በዚህ ሰዓት? ዘብ ነበርኩ እኮ፤ አሁን ነው የተኛሁት። ባትሪዬም ዓርብ አልቆብኝ…»

አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምንም» አሉ። «በልተሃል?»

«ምን?»

«በልተሃል ወይ ነው የምልህ።»

«በልቻለሁ፣ አባ።»

«በል ተኛ።» ስልኩን በሁለት እጃቸው፣ የሚሰበር ነገር ይመስል፣ ቦታው መለሱት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እፍረቴ ግን ከእንባዬ ይበልጥ ነበር።

ብዙ ቆይተው ፊታቸውን ጠረጉ። «ስንት ለስንት?» አሉኝ።

«ሁለት ለባዶ።»

«ሌላስ? ለሁለት ጎል ሦስት ሰው አይላክም።»

ነገርኳቸው። እቃ ቤቱ እንደሚዘጋ፣ ቁልፉ እንደሚቀየር፣ እንዳይመጡ እንደተባለ፣ ሁሉንም። አዩኝ። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ አያ ታከለ።»

ያን ጊዜ ሳቁ። አባ ይርጋም ሳቁ። እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም፤ ትከሻዬን በጡጫ መቱኝና ወደ ውስጥ ገቡ፤ ለወራት ሰላምታዬን አልተቀበሉኝም። መብታቸው ነው።

አያ ታከለ ጫማቸውን አስረው ጨረሱ። «ተነስ እንሂድ። ልብሱ እየገማ ነው።»

«አይምጡ ተብሏል እኮ።»

«ቁልፉ እስኪቀየር እጅህ ላይ ነው። የወረደ ሰው ልብሱ አይታጠብም ያለህ ማን ነው?»

ሄድን። ወንበሮቹ ሜዳው ላይ ተበታትነው ነበር። ጋሪውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ፤ ውጤቱን አስቀድመው ያወቁበት ብቸኛ እሑድ ያ ነው። ማልያዎቹን አወጡ። ሁሉም ተገልብጠዋል። አንድ በአንድ ቀጥ እያደረጉ አዩአቸው። ሁሉም ከፊት ለፊት አረንጓዴና ጭቃ ነበሩ። ዘጠኝ ቁጥር ሳይቀር።

«ታግለዋል» አሉ። «እየው፣ አንድም ንጹሕ የለም። እንዲህ ሆነው ቢከርሙ ኖሮ…» አልጨረሱትም።

አጠቡ፣ አደረቁ። የበረኛው ማልያ ከብብቱ ተቀድዶ ነበር፤ ከእንግዲህ ማንም የማይለብሰውን ማልያ ተቀምጠው ሲጠግኑ እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። በመሃል መርፌዋን ያዝ አደረጉና «አሁን መጣ» አሉ።

«ምኑ?»

«የሥራው ነገር። ቅድም አልተሰማኝም ነበር፤ ልጄ ሞተ ብዬ ስለነበር ቦታ አላገኘም። አሁን ገባ። ያማል፣ ስማቸው።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ማልያዎቹን በየቁጥራቸው፣ ዓርብ እንደሚያደርጉት፣ ሰቀሏቸው። ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ ትተን ስንወጣ በሩ ላይ ቆም ብለው ክንዴን ያዙኝ።

«ከእንግዲህ ክፉ ወሬ ካለህ ከሩቅ ጩህበት፣ በስልክ ንገረኝ፣ እንደፈለግህ። ሰው አስከትለህ ደጄ ላይ አትቁም። እህል ቀምሰሃልም አትበለኝ።»

«እሺ፣ አያ ታከለ።»

በሚቀጥለው ዓመት እኔም ወጥቼ ሌላ ሥራ ያዝኩ። እሳቸው ሮቫ ዛይን አግዳሚ ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር መዋል ጀመሩ፤ ያሉትን ያህል አልጠሉትም። አንድ ጊዜ በሥራ ቀን የተደረገ የሌላ ቡድን ጨዋታ ይዣቸው ሄድኩ፣ በሕይወታቸው አንድ ጨዋታ ይዩ ብዬ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያዩት የመስመር ዳኛውን ቁምጣ ነው፤ ስፌቱ ተተርትሮ ነበር። ሲያልቅ «ለዚህ ነበር ያ ሁሉ?» አሉኝ።

ቀብሩ ላይ ዳዊትን አቅፌ አጽናናሁት። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ስሄድ ግን ሆዴ አልችል አለ። እሱ ያን ጊዜ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ወደ ጥግ ወስጄ «እኔን በስልክ? እንደዚያ?» አልኩት።

ዳዊት ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ የአባቱ ዓይን ነው።

«እሱ ነው ያዘዘኝ» አለ። «ሆስፒታል ሳለ ለማን ለማን በወጉ እንደሚነገር አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ለአባ ይርጋ ቤተሰብ ሽማግሌ ላክ አለኝ፣ ለአክስቴ ቄሱን ላክ አለኝ። አንተ ጋ ሲደርስ ‘ለስማቸው ራስህ ደውልለት። በቀን፣ ሰው መሃል ሳለ፣ የሞትኩት እኔ መሆኔን ቶሎ ንገረውና ጨርሰው። ልጁ ዘንድሮ ጻቫ ገብቷልና በሩ ላይ ሰው እንዳታቆምበት’ አለኝ።»

ልጄ ወታደር ከሆነ ስምንት ወሩ ነበር፤ በስምንቱም ወር ከደረጃው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሬዲዮውን አጥፍቼ እቆማለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሳቸው ግን አውቀውታል።

ከለቅሶው ቤት ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩና ለልጄ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። አነሳ።

«አባ? ምነው?»

«ምንም» አልኩት። «በልተሃል?»